በኦፕን ወርልድ አርፒጂ ጌሞች አሰሳ የሚክሰው መቼ ነው?

ካርታ_የለሽ (ውይይቱን የከፈተ)

ስለ ኦፕን ወርልድ አርፒጂ (ሰፊ ዓለም ውስጥ በነፃነት እየተዘዋወርክ ባለታሪክህን የምታሳድግበት ጌም) ወሬ ሲነሳ ሁሌ የሚቀድመው የካርታው ስፋት ነው። ስፋት ብቻውን ግን ምንም አይፈይድም። የእኔ አቋም እንዲህ ነው፦ ተጫዋችን ከመንገዱ አስወጥቶ ጥጋጥጉን የሚያስፈትሸው ሳጥን ውስጥ ያለው ዕቃ አይደለም። ከሩቅ አይቶ «እዚያማ አንድ ነገር አይጠፋም» ብሎ የጠረጠረው ነገር በእርግጥ ሲገኝ ነው የሚረካው። ጥርጣሬው ደግሞ የራሱ መሆን አለበት። ጌሙ ቀድሞ በምልክት ከነገረው ተጫዋቹ ዕቃ አመላላሽ ሆነ ማለት ነው።

ሁለቱም ዓይነት አንድ ጌም ውስጥ አለ። ዘ ዊቸር 3 (2015) የስኬሊጌ ደሴቶችን ዙሪያ ባሕር በጥያቄ ምልክት ሞልቶታል። አብዛኞቹ የኮንትሮባንድ ዕቃ የተደበቀባቸው ናቸው፦ በጀልባ ትሄዳለህ፣ የሚበሩትን ሳይረኖች በክሮስቦው ታወርዳለህ፣ ትጠልቃለህ፣ ሳጥን ትከፍታለህ፣ ትመለሳለህ። አንዱን የሠራ ሁሉንም እንደሠራ ይቆጠራል። በዚያው ጌም ግን የግሪፊን፣ የድመትና የድብ ትምህርት ቤቶችን የጦር ዕቃ ንድፍ መፈለግ ሌላ ስሜት አለው። ደብዳቤ ታነባለህ፣ ፍርስራሽ ቤተ መንግሥት ትገባለህ፣ እዚያ ምን እንደተፈጠረ ከተጻፈው ትረዳለህ፣ መጨረሻ ላይ የምታገኘው ንድፍም ለረጅም ሰዓት የምትለብሰው ነው።

የምትስማሙም የማትስማሙም የጌም ስም፣ ቦታና ቁጥር እየጠቀሳችሁ ጻፉ። «ይመቻል» እና «ይደብራል» ብቻ ከሆነ ይቅርብን።


አሮጌ_ዲስክ

ከሞሮዊንድ (2002) የተሻለ ምስክር አይገኝም። የተልዕኮ ምልክት የሚባል ነገር የለውም። ሰዎች አቅጣጫ በቃል ይነግሩሃል፣ የነገሩህ ማስታወሻህ ላይ ይሰፍራል፦ ድልድዩን ተሻገር፣ መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ምሥራቁን ያዝ፣ ኮረብታውን ስታልፍ በሩ በግራህ ነው። አንዳንዱ አቅጣጫ የተሳሳተ መሆኑ አይካድም፣ እሱ ያናድዳል። ግን ዓይንህ ከስክሪኑ ጥግ ተነቅሎ መልክዓ ምድሩ ላይ ያርፋል።

ለዕቃም ቢሆን ያንን ጌም የሚያህል የለም። ከሴይዳ ኒን ወጥተህ ወደ ባልሞራ በሚወስደው መንገድ ጥቂት እንደተጓዝህ አንድ አስማተኛ እየጮኸ ከሰማይ ይወድቅና ይሞታል። ሬሳው ላይ ማስታወሻውና 3 የኢካሪያን በረራ ጥቅልሎች አሉ። እያንዳንዱ ጥቅልል አክሮባቲክስን (የመዝለል ችሎታን) ለ7 ሰከንድ በ1000 ነጥብ ያሳድጋል። አንብበህ ብትዘል ግማሽ አገር ታቋርጣለህ፣ ነገር ግን አየር ላይ ሳለህ 7 ሰከንዱ ያልቃል፣ ስታርፍ ትሞታለህ። መላው ሁለተኛውን ጥቅልል መሬት ልትነካ ስትል ማንበብ ነው። መመሪያ የሚባል ሳጥን አልወጣልህም። መመሪያው ሬሳው ነበር!

ሌላም ልጨምር። ብላይንዲንግ ስፒድ የሚባለው ጫማ ፍጥነትን በ200 ይጨምራል፣ በልዋጩ 100% ያሳውራል። ጨዋታው ግን የዕውርነቱን መጠን የሚያሰላው ጫማውን ባጠለቅህበት ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት አስማት የመቋቋም ኃይልህ 100% ከሆነ ዕውርነቱ አይዝህም። የብሬተን ዘር ሲፈጠር 50% አለው፣ ቀሪውን 50% ለአንድ ሁለት ሰከንድ በሚቆይ ድግምት ትሞላለህ። ድግምቱ ካለቀ በኋላም ጫማውን እስካላወለቅህ ድረስ ማየትህ ይቀጥላል። ዕቃ ማለት ይኼ ነው። ካገኘኸው በኋላ እንኳ ገና የሚፈታ ነገር አለው።


ሌቭል_40

አሮጌ_ዲስክ ያነሳው ዕቃው በእጅ የተቀመጠ ስለሆነ የሚሠራ ነው። ዋናው ጠላት ከተጫዋቹ ጋር አብሮ የሚያድግ ዓለም ነው። ኦብሊቪየን (2006) ውስጥ ደረጃህ ከፍ ሲል መንገድ ላይ የሚዘርፉህ ሽፍቶች የመስታወት ትጥቅ ለብሰው ይመጣሉ። ያንን ትጥቅ ሸጦ ቤት መግዛት የሚችል ሰው ለምን መቶ ሳንቲም አምጣ ብሎ መንገድ ይዘጋል? ቀልዱን ትተን ጉዳቱን እንይ። የትኛውም ዋሻ ከየትኛውም አይከብድም፣ ሳጥኑም በደረጃህ ልክ ስለሚሞላ ቶሎ መሄድም ዘግይቶ መሄድም ለውጥ የለውም። እንዲያውም ቶሎ የሄደ ይጎዳል፣ ደካማውን ዕቃ ይዞ ይቀራል።

ስካይሪም (2011) ግማሽ መንገድ ተመልሷል። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ዝቅተኛ ደረጃ አለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትገባ ደግሞ ደረጃው ይቆለፋል። ገብተህ ከብዶህ ብትወጣና አድገህ ብትመለስ ያው የበፊቱ ጠላት ይጠብቅሃል። መበቀል ትችላለህ ማለት ነው። ቁልፉ የሚፈታው ቦታው ሲታደስ ነው፦ ካላጸዳኸው በጌሙ አቆጣጠር ከ10 ቀን፣ ካጸዳኸው ከ30 ቀን በኋላ።

ጎቲክ 2 (2002) ግን ምንም አላለሳለሰም። ከኮሪኒስ ከተማ ውጭ ያለው ጫካ ውስጥ ያለው ሻዶውቢስት በመጀመሪያው ሰዓትም በሃያኛው ሰዓትም ያው ነው፣ የሚለወጠው አንተ ነህ። የገደልከው ወዲያው አይተካም፣ አዲስ ጠላት የሚመጣው ምዕራፍ ሲለወጥ ነው። ካርታውም ቢሆን ከወደብ ሰፈር የካርታ ሠሪ የሚገዛ ነው። በር ላይ ቁልፍ ከማንጠልጠል አውሬ ማስቀመጥ የሚሻለው ለዚህ ነው፣ ጎበዝ ተጫዋች ሾልኮ ማለፍ ይችላል።


ምልክት_ወዳድ

ሁላችሁም ናፍቆት ይዟችሁ ነው። ከሥራ በኋላ 40 ደቂቃ ያለው ሰው 25ቱን ደቂቃ የተሳሳተ አቅጣጫ ሲከተል ቢያሳልፍ ምኑ ነው የሚክሰው? ምልክት በራሱ ክፉ አይደለም። ክፉው ብዛቱና ሁሉም እኩል አስፈላጊ መስሎ መታየቱ ነው።

ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድን (2017) ውሰዱ። 900 የኮሮክ ዘር አለ፣ በየቦታው የተደበቁ ኮሮክ የሚባሉ ትናንሽ ፍጡራንን ስታገኝ የሚሰጡህ። ሰው «900 ምን ያደርጋል» ይላል። የጦር ዕቃ መያዣህን እስከ መጨረሻው ለማስፋት ግን 441 ይበቃል፣ ከግማሽ በታች። ሁሉን ለሰበሰበው የሚሰጠው ሽልማት ደግሞ የወርቅ ዓይነ ምድር የሚመስል ነገር ነው። ሠሪዎቹ «ሁሉን ሰብስብ ብለንህ ነበር እንዴ?» እያሉ ነው። ብዛቱ ያስፈለገው የትም ብትሄድ አንድ እንድታገኝ ነው። ዋጋውም ታስቦበታል፣ የመጀመሪያው የመሣሪያ ቦታ 1 ዘር ነው፣ ከዚያ 2፣ 3፣ 5፣ 8 እያለ ይወጣል። ጀማሪ በየደቂቃው ይሸለማል፣ ከ30 ሰዓት በኋላ ግን መልቀም አያዋጣምና ራስህ ትተዋለህ።


ካርታ_የለሽ

ምልክት_ወዳድ፣ ወንድሜ፣ የጠቀስከው ጌም እኮ የእኔ ወገን ነው። ኮሮኮቹ ካርታ ላይ የሉም። ብቻውን የቆመ ዛፍ፣ ክብ የሠሩ ድንጋዮች መሐል አንድ የጎደለ፣ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ድንጋይ አይተህ ነው የምታገኛቸው። ማማ ላይ ወጥተህ ካርታው ሲገለጥ እንኳ የመሬቱ ቅርጽ እንጂ የነገሮች ዝርዝር አይሰጥህም። በመነጽሩ አይተህ ፒን የምትተክለው አንተ ነህ። ስለ 40 ደቂቃው ግን ልክ ነህ፣ እሱን አልከራከርም።


ፖሊጎን

ከመሥራት አንፃር ልግባ።

ኒንቴንዶዎች በ2017 ሴዴክ በተባለው የጃፓን ጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ የብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድን የመሬት አሠራር ሲያብራሩ ዋናው መሣሪያቸው ሦስት ማዕዘን እንደሆነ ተናግረዋል። ትልቁ ሦስት ማዕዘን ከሩቅ የሚታይ ተራራ ነው፣ አቅጣጫ ያስይዛል። መካከለኛው ኮረብታ ነው፣ ከኋላው ያለውን ይከልላል። ትንሹ የጉዞውን ምት ይቀያይራል። ሦስት ማዕዘን የተመረጠበት ምክንያት አለው፦ አንደኛ ልውጣው ወይስ ልዙረው የሚል ምርጫ ያመጣል፣ ሁለተኛ እየተጠጋህ በሄድክ ቁጥር ከጀርባው ያለው ቀስ በቀስ ይገለጣል። ሜዳ ላይ ሁሉም ነገር በአንዴ ይታያል፣ ግድግዳ ያለው ሸለቆ ደግሞ ምንም አያሳይም። ሁለቱም ተጫዋቹን ያደነዝዙታል።

የሚበላሸው በአብዛኛው ቴክኒኩ ላይ ነው። የሩቅ ምልክት የሆነው ግንብ ጌሙ ለሩቅ ነገር በሚጠቀምበት ቀለል ያለ ሞዴል ላይ ቅርጹ ይሟሽሽና 300 ሜትር ላይ ድንገት ብቅ ይላል። ከዚያ በፊት ማንም አላየውም፣ ስለዚህ ማንም አልተመኘውም። ዋና ዋና ምልክቶችን ከሩቅ የመደበቂያ ሕግ ነፃ አድርጓቸው፣ ሩቅ የሚታየው ሞዴላቸው ጥቂት መቶ ፖሊጎን (ሞዴል የሚገነባበት ትንሽ ጠፍጣፋ ቅርጽ) ብቻ ይሁን፣ ዙሪያ ቅርጹ ግን ከቅርቡ ጋር አንድ መሆን አለበት። ጉም የምትጨምሩ ከሆነ ግንቡ ከጉሙ ቀለም የጠቆረ ይሁን። ሌሊት ደግሞ አንድ መብራት ይበቃል፣ ብርሃኑ ግን ከመብራቱ ሞዴል ጋር አብሮ እንዳይጠፋ ለብቻው አስቀምጡት።

ሌላው የመመለሻ መንገድ ነው። ስካይሪም ውስጥ አብዛኛው ዋሻ መጨረሻው ላይ ወደ መግቢያው አካባቢ የሚያወጣ ሌላ በር ወይም ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። ብዙዎች ይቀልዱበታል፣ «የጥንት ሰዎች መቃብር ሁሉ ክብ ነው» እያሉ። የሌላቸውን ጌሞች ስትጫወቱ ግን ባዶ ኮሪደር ለሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ መሮጥ ምን እንደሆነ ይገባችኋል። ተጫዋች ዋሻን የሚያስታውሰው በመጨረሻዋ ደቂቃ ነው።


ጨለማ_ዋሻ

ኤልደን ሪንግ (2022) ሳይነሳ እዚህ መድረስ ነውር ነው። ሊምግሬቭ ውስጥ ሚስትዉድ ጫካ አንድ ተራ የሚመስል ትንሽ ሕንፃ አለ፣ ውስጡ ሊፍት። መውረዱ አያልቅም። ስትደርስ ከራስህ በላይ ከዋክብት የሞላው ሰማይ ያለበት የሲዮፍራ ወንዝ ነው። ከዚያች ሰዓት በፊት ካርታህ የምድር ውስጥ ንብርብር እንዳለው አታውቅም ነበር። የላይኛው ካርታም ቢሆን ጠርዙ ቀድሞ አይታይም፣ አንተ በሄድክ ቁጥር ይሰፋል። ዓለሙ ስንት እንደሆነ አለማወቅ ራሱ ሽልማት ነው።

ካርታዎቹን ለማግኘት ደግሞ ልብ ላላለ ሰው አንድ ፍንጭ አለ። ያልተገለጠው ቡናማ ካርታ ላይ መንገዶች ይታያሉ፣ መንገዱ ዳር የሐውልት ምስል ያለባት ትንሽ ምልክት ትኖራለች። የካርታው ቁራጭ እዚያ ነው። የማዕድን ዋሻዎችም ካርታው ላይ በቀይ ጠርዝ የተከበበ ጥቁር ቀዳዳ ሆነው ተስለዋል። ማንም አይነግርህም፣ ካርታውን እንደ ካርታ ካነበብክ ግን ታገኘዋለህ።

ወጥመዱንም አልረሳም። ድራገን በርንት ፍርስራሽ ሥር ያለውን ሳጥን የከፈተ ሰው ካሊድ ውስጥ ወዳለው የሴሊያ ክሪስታል ዋሻ ይወረወራል። ከዋሻው እስኪወጣ ፈጣን ጉዞ አይሠራለትም። ጀማሪ እዚያ ሲገባ ያለቅሳል፣ ግን ቀዩን ሰማይ ካየ በኋላ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።


ምልክት_ወዳድ

አዎ፣ ካታኮምቦቹንም (የምድር ውስጥ መቃብሮቹን) አውራልን እንጂ። ያው ድንጋይ፣ ያው ሊቨር፣ ያው የተዘጋ በር፣ መጨረሻው ላይ ሌላ ቦታ ያየኸው ቦስ (ዋናው ጠላት)። ጎራዴ ለሚጠቀም ሰው 40 ኢንተለጀንስ (የአስማት ችሎታ ነጥብ) የሚጠይቅ ድግምት ይሰጡታል።


ጨለማ_ዋሻ

ካታኮምቦቹን አልከላከልም፣ አምስት ያህሉ ቢቀነሱ ጌሙ ይሻላል። ዕቃው አይስማማኝም ለሚለው ግን መልስ አለ፣ ለሁሉም የሚሆን ዕቃ አብሮ ተበትኗል። ተራ መሣሪያ እስከ +25 ይወጣል፣ ለእያንዳንዱ የድንጋይ እርከን 2፣ 4፣ 6 እያለ 12 ስሚዚንግ ስቶን (መሣሪያ ማጠናከሪያ ድንጋይ) ይበላል፣ ልዩ መሣሪያ ደግሞ እስከ +10 በእያንዳንዱ ደረጃ 1 ሶምበር ድንጋይ። ጎራዴም ያዝ በትር ይህ ያስፈልግሃል። የማዕድን ዋሻዎችን ቦስ ስትገድል ከሚገኙት ቤል ቤሪንጎች (ለሱቅ የሚሰጡ ዕቃዎች) አንዳንዶቹ ደግሞ ድንጋዩን ያለ ገደብ ከሱቅ እንድትገዛ ያስችሉሃል። አንድ ዋሻ ጨርሰህ የዘወትር ችግር ከተፈታልህ ከዚህ በላይ ሽልማት የለም።


አሮጌ_ዲስክ

ስለ ፈጣን ጉዞ ማንም አላነሳም። ሞሮዊንድ ውስጥ ሲልት ስትራይደር (ሰው የሚያጓጉዝ ግዙፍ ነፍሳት)፣ ጀልባ፣ የአስማተኞች ማኅበር ማመላለሻ፣ ማርክና ሪኮል (ቦታ ምልክት አድርገው በኋላ ወደዚያው የሚመልሱ ድግምቶች) አለ። የትኛው ከተማ ከየትኛው እንደሚገናኝ ማወቅ ራሱ ችሎታ ነው። ድራገንስ ዶግማም (2012) ፈጣን ጉዞውን የሚያልቅ ድንጋይ አድርጎታል፣ መድረሻውን ፖርትክሪስታል የምትተክለው አንተ ነህ፣ የት ብትተክል እንደሚያዋጣ ለመወሰን አገሩን ማወቅ አለብህ። ካርታ ላይ ጠቅ አድርጎ መድረስ የመጣ ጊዜ መንገድ የሚባለው ነገር ሞተ።


ካርታ_የለሽ

ያለውን ጌም በተሻለ መንገድ መጫወት ለሚፈልግ፣ ቅንብሩን በተመለከተ ጥቂት ልበል። ምልክት ማጥፋት በሁሉም ጌም አይሠራም። የሚሠራው ንግግሩና ማስታወሻው ያለ ምልክት እንዲበቃ ሆኖ ሲጻፍ ነው። አሳሲንስ ክሪድ ኦዲሲ (2018) ኤክስፕሎሬሽን ሞድ ውስጥ «ከእንዲህ ያለ ቦታ በስተ ሰሜን» የሚል ፍንጭ ይሰጣል፣ ስለዚህ ይሠራል። ኪንግደም ካም ዴሊቨራንስ (2018) ሃርድኮር ሞዱ ካርታው ላይ ያለህበትን ቦታ አያሳይም፣ ግን መንደሮቹና መንገዶቹ ተለይተው ስለሚታወቁ ጥቂት ከለመድከው አትጠፋም።

ስካይሪም ላይ ተንሳፋፊ ምልክቶቹን ከቅንብሩ አጥፋ፣ ግን ማስታወሻው «ዕቃውን አምጣ» ብቻ ስለሚል ትቸገራለህ። ስትቸገር ክሌርቮያንስ የተባለውን የጀማሪ ድግምት ተጠቀም፣ ማጂካህን (የአስማት ኃይልህን) እየበላ መንገዱን መሬት ላይ ያበራልሃል። ዋጋ ያለው ምልክት ሆነ ማለት ነው። ዊቸር 3 ላይ ሚኒማፑን (ስክሪኑ ጥግ ያለችውን ትንሽ ካርታ) ዝጋ እንጂ የተልዕኮ ምልክቱን ዋናው ካርታ ላይ ተውት፣ ካርታውን ከፍተህ አቅጣጫ አጥንተህ ዘግተህ ሂድ። ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ ላይ ፕሮ ሞድን (ስክሪኑ ላይ ያለውን አብዛኛውን መረጃ የሚደብቀውን) አብራ፣ የሽራይን ሴንሰሩን (ወደ ቤተ መቅደስ ስትጠጋ የሚጮኸውን) ድምፅ አጥፋ። ሌላ ምንም አያስፈልገውም።


ጀማሪ_ሠሪ

ፖሊጎን ሆይ፣ ጥያቄ አለኝ። አንድ ሰው ብቻውን የሚሠራው 1 ኪ.ሜ በ1 ኪ.ሜ የሆነ ካርታ ስንት ቦታ ይበቃዋል? በኮምፒውተር በዘፈቀደ ማስበተንስ አይሻልም?


ፖሊጎን

ሁለተኛውን ልቅደም። ዴገርፎል (1996) በዚያ መንገድ ግዙፍ አገር ሠርቷል፣ ስታርፊልድ (2023) ከ1000 በላይ ፕላኔት አለው። ኋለኛው ላይ ያለው ችግር የታወቀ ነው፦ ሌላ ፕላኔት ላይ ያው ሕንፃ፣ ያው የዕቃ አቀማመጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ያው ማስታወሻ ይገጥምሃል። ሁለተኛውን ያየ ተጫዋች የመጀመሪያውንም ማመን ያቆማል። መሬቱን፣ ዛፉን፣ ድንጋዩን ማሽን ይበትነው፣ በር ያለው ነገር ሁሉ ግን በእጅ ይሁን።

ወደ ቁጥሩ። ባለታሪክህ በሰከንድ 5 ሜትር የሚሮጥ ከሆነ ካርታውን በ200 ሰከንድ፣ ማለትም በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያቋርጣል። በየ250 ሜትሩ አንድ ቦታ ብታደርግ 16 ቦታ ይሆናል፣ በመካከላቸው 50 ሰከንድ ሩጫ አለ። ለመነሻ ጥሩ ነው። ግን እንደ ቼዝ ሰሌዳ ከደረደርካቸው ተጫዋቹ ምቱን ይነቃበታል። ሦስት አራቱን አጠጋግተህ ሰብስብ፣ በዚያ ልክ ደግሞ ምንም የሌለበት ሰፊ ሜዳ ተው። ባዶው ሜዳ ብክነት አይደለም፣ ቀጣዩን ቦታ የሚያገዝፈው እሱ ነው።

ከ16ቱ 5ቱ ወደ ሌላ ቦታ የሚጠቁሙ ይሁኑ፦ ደብዳቤ፣ ግማሽ ካርታ፣ ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል። 4ቱ ጨዋታውን የሚለውጥ መሣሪያ ወይም ችሎታ ይስጡ። 3ቱ ለማንም የሚሆን የማሻሻያ ዕቃ። 2ቱ አሁን የማይቻል ጠላት ያለባቸው፣ ከሩቅ የሚታዩ። 2ቱ ምንም ዕቃ የሌላቸው፣ ግን ከላያቸው ሌሎቹ ቦታዎች የሚታዩባቸው። ሁሉንም ሳጥን ከአንድ የዕጣ ሰንጠረዥ (ዕቃ በዘፈቀደ ከሚመረጥበት ዝርዝር) አትሙላ። ሰንጠረዡ ለበርሜልና ለጆንያ ይሁን፣ መቆለፊያ ያለው ሳጥን ግን ስሙ የተጻፈ አንድ ነገር ይኑረው።

ሙከራው ቀላል ነው። ተጫዋቹ 30 ደቂቃ ይጫወት፣ ከዚያ ጌሙን ዝጋና ባዶ ወረቀት ስጠው፣ ካርታውን ከቃሉ ይሣል። የሣለው ሠርቷል። ያልሣለው ቦታ ወይ አልታየም ወይ ከሌላው አይለይም፣ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ የሄደበትን መስመር መዝግበህ አስተያይ።


ሌቭል_40

አንድ ጭማሪ። ሁለቱ የማይቻሉ ጠላቶች ጥንካሬያቸው ተጫዋቹን ከመምታታቸው በፊት መታወቅ አለበት። ግዙፍነት፣ ዙሪያቸው የተጋደመ ሬሳ፣ ሌላ አውሬ ሲሸሻቸው ማሳየት። ከራሳቸው በላይ ቁጥር ወይም የራስ ቅል መለጠፍ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ሲሞት ተጫዋቹ «ነግረውኝ ነበር» ማለት አለበት። «ከየት መጣ» ካለ ንድፉ ወድቋል።


ጀማሪ_ሠሪ

ከወረቀት ሙከራው የሚወጣ ሌላ ጥያቄ፦ ሁሉም ዋሻውን በ20 ሜትር ርቀት አልፈውት ከሄዱስ? በሩ ትልቅ ቢሆንም?


ፖሊጎን

ብዙ ጊዜ በሩ ወዴት እንደዞረ አይታይም። ካሜራውን በሰው ቁመት አድርገህ ተጫዋቹ በሚመጣበት መንገድ ከ100፣ ከ50 እና ከ20 ሜትር ፎቶ አንሳ። ሦስቱም ላይ ጥቁሩ የበር ቀዳዳ ካልታየ በሩን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ወደ መንገዱ አዙረው። ፊት ለፊት ግን አታድርገው፣ የመንገዱ አካል ይመስላል።

ቀጥሎ ንፅፅሩን እይ፦ ድንጋዩ ግራጫ፣ ዋሻውም ግራጫ ከሆነ ዓይን አይይዘውም። አፉ ላይ ቀለል ያለ አሸዋ አፍስስ፣ ሣሩን ከ2 ሜትር ወርድ ላይ ንቀልና የተረገጠ ዱካ ወደ መንገዱ አምጣ። ችቦ የምትጨምረው ዱካው ካልሠራ ብቻ ነው፣ ችቦ ካለ ሰው አለ ማለት ነውና ውስጡ ባዶ ከሆነ ዋሽተሃል። ሌላው መንገዱ ራሱ ነው፦ እዚያ ጋ ቁልቁለት ከሆነ ተጫዋች ፍጥነቱን አይቀንስም። አሥር ሜትር ያህል ዳገት አድርገው ወይም ወንዝ አሻግረው፣ ሲዘገይ ዙሪያውን ያያል። ከዚያ ያንኑ ሙከራ ዋሻውን አይተው በማያውቁ ሰዎች ድገመው፣ የድሮዎቹ ከእንግዲህ አይጠቅሙህም።